ውዳሴ ለሽቦ አሳዳጆች

በሰሜን ቨርጂኒያ፣ ቤቶቹ ሁሉ በአንድ ዓይነት ቀለም ተቀብተው፣ ሣሩ በአንድ ቁመት ታጭዶ፣ የፖስታው ሣጥን እንኳ ከጎረቤቱ ሣጥን እንዳይበልጥ በልክ ተተክሎ በሚታይበት ሰፈር የሚኖር ሰው፣ የቤት ባለቤቶች ማኅበር የሚባለውን ጉባኤ ሳያመሰግን ውሎ ቢያድር ውለታ ቢስ ነው። ንጉሥ ሳይሾመው፣ ጳጳስ ሳይባርከው፣ ወር በወር በምናዋጣው ገንዘብ ብቻ ቆሞ ዓይናችንን ከክፉ ነገር የሚጠብቅልን እርሱ ነውና። በዚህ ዓመት ደግሞ ከክፉ ነገር ሁሉ የከፋውን በእኔ ጓሮ አግኝቶ፣ አንቀጽና ንኡስ አንቀጽ ጠቅሶ በጻፈው ደብዳቤ ስለ ገሠጸኝ፣ ምስጋናዬን በጽሑፍ ማቅረብ ግድ ሆነብኝ።

ክፉው ነገር ሽቦ ነው። ውፍረቱ ሁለት ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 20 ሜትር ያህል፣ ከጣሪያው ጥግ ተነሥቶ ከጓሮው ዛፍ ላይ የታሰረ ጥቁር ሽቦ። በ40 ሜትር ሞገድ የሚነጋገር የአማተር ሬዲዮ ሰው፣ ማለትም እንደ እኔ ለእንጀራ ሳይሆን ለፍቅሩ ብሎ በሬዲዮ የሚያወራ ሰው፣ የሞገዱን እኩሌታ የሚያህል ሽቦ ያስፈልገዋልና፣ ርዝመቱን የወሰነው ሥርዓተ ፍጥረት እንጂ የእኔ ትዕቢት አይደለም። ከዚህ ሽቦ የሚነሣው የ100 ዋት ኃይል፣ ማለትም የአንድ አሮጌ አምፖል ያህል ጉልበት፣ ወደ ላይ ወጥቶ በመቶ በሚቈጠር ኪሎ ሜትር ከፍታ ከሚገኘው፣ አዮኖስፌር ከተባለው የአየር ንብርብር ሲደርስ ወደ ምድር ይመለስና ውቅያኖስ ይሻገራል፤ በወዲያኛውም ዳርቻ፣ ፊቱን አይቼ የማላውቀው አንድ ፖርቱጋላዊ ጡረተኛ ስለ አየሩ ሁኔታና ስለ ጉልበቱ ሕመም ካጫወተኝ በኋላ፣ በእኛ ዘንድ የስንብት ሰላምታ በሆነው ቍጥር፣ በ73፣ ይሰናበተኛል። የማኅበሩ ኮሚቴ ግን በእንዲህ ያለ ከንቱ ነገር አልተታለለም። ሽቦውን ለማየት አጥሩን መደገፍ፣ ፀሐይን ከጀርባ ማድረግ፣ ዓይንንም ማጥበብ ያስፈልጋልና፣ ይህን ሁሉ ድካም ስለ ውበት ብሎ የተቀበለ ሰው ከመካከላችን መገኘቱ የሚያኮራ ነው።

አላዋቂ ሰው፣ «ለመሆኑ ይህ ሁሉ በሕግ ነውን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። የፌዴራል መገናኛ ኮሚሽን በ1985 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ከተሞችና አውራጃዎች ለአማተር ሬዲዮ አንቴና ተገቢውን ስፍራ እንዲሰጡ አስታውቆ ነበር። ይህ ቃል ግን የሚያስረው የመንግሥትን ሹም ነው፤ በግል ውል የቆመው ማኅበራችን ከዚያ ውጭ ነው። ቤቱን በገዛሁ ዕለት፣ ከተቈለለው ወረቀት መካከል ያለውን ይህን ውል በገዛ እጄ ፈርሜአለሁና፣ የከተማው ከንቲባ ሊከለክለኝ የማይችለውን ነገር የመዋኛ ገንዳውን ቍልፍ የሚይዘው ጎረቤቴ ሊከለክለኝ ይችላል።

ይህም ሲደነቅ ከዚህ የበለጠ ምሥጢር አለ። በ1996 የአሜሪካ ምክር ቤት ባወጣው የመገናኛ ሕግ ምክንያት፣ ስፋቱ ከአንድ ሜትር የማይበልጥ የቴሌቪዥን ዲሽ በማንኛውም ማኅበር ደንብ እንዳይከለከል ተደረገ። ስለዚህ እኛ ኢትዮጵያውያን የአገራችንን ዜናና ድራማ ለመከታተል በረንዳችን ላይ የሰቀልነውን ያን ነጭ ሰታቴ የሚያህል ነገር ኮሚቴው በዓይኑ ይጠላዋል እንጂ በእጁ አይነካውም፤ ጠጉር የምታህለው ሽቦ ግን ትወገዛለች። የሚሰማ ጆሮ ጸደቀ፣ የሚናገር አፍ ተኰነነ ማለት ነው። በዝምታ ተቀምጦ የሚቀበል ነዋሪ ለጎረቤት ሰላም ምንኛ የተመቸ ነው!

የማኅበሩ ጥበብ ወደ ፍጹምነት የሚደርሰው ግን በሰንደቅ ዓላማ ነገር ነው። በ2006 በፕሬዚዳንቱ ፊርማ የጸደቀ አንድ ሕግ፣ ማኅበራት ስለ ጊዜውና ስለ ቦታው ደንብ ቢያወጡም፣ ነዋሪው በገዛ ቤቱ የአሜሪካንን ባንዲራ እንዳይሰቅል ሊከለክሉት እንደማይችሉ ደነገገ። የሬዲዮ ሰዎችም ይህን በር አላጡትም፤ በውስጡ ሽቦ የሚያልፍበት የባንዲራ ምሰሶ ዛሬ በገበያ ይሸጣል። እንግዲህ ነገሩን እስከ መጨረሻው እንከተለው። ቀጥ ብሎ የሚቆም አንቴና የሞገዱን ሩብ ቢያህል መልካም ስለ ሆነ፣ ለ20 ሜትር ሞገድ ወዳጅ አምስት ሜትር የአገር ፍቅር ይበቃዋል፤ የ40 ሜትሩ ሰው አሥር ሜትር ያህል አገሩን ይወድዳል፤ የ80 ሜትሩ ሃያ፤ በ160 ሜትር ሞገድ ሌሊቱን ሁሉ የሚተጋው መናኝ ግን ፍቅሩ አርባ ሜትር ካልደረሰ አያርፍም። ምሰሶውም ብቻውን አይሠራም፤ ከእግሩ ሥር በየአቅጣጫው የሚዘረጉ ብዙ ሽቦዎች ከአፈር በታች መቀበር አለባቸውና፣ አርበኛው ጎረቤቶቹ ከተኙ በኋላ መብራት ይዞ ሣሩን ሲሰነጥቅና ሽቦ ሲቀብር ያድራል፤ በማግሥቱም ኮሚቴው ስለ ሣር እንክብካቤው ያመሰግነዋል። ረዥሙ ሞገድ ደኅና አድርጎ የሚጓዘው በሌሊት ነው። ባንዲራ ደግሞ በአገሩ ሥርዓት ፀሐይ ስትጠልቅ ካልወረደ መብራት ይበራለት ዘንድ ይገባል። አርበኛው ስለ ክብር ብሎ ርካሽ የኤልኢዲ መብራት ሲያበራ፣ የመብራቱ ኤሌክትሪክ መቀየሪያ የሚያወጣው ጩኸት ሬዲዮውን ይሞላዋል፤ ሬዲዮውን ለመስማት ሲያጠፋው ባንዲራው በጨለማ ይቀራል፤ ባንዲራው በጨለማ ስለ ቀረም «ክብረ ሰንደቅን ስለ መዳፈር» የሚል ሌላ ደብዳቤ ይደርሰዋል። እርሱም በጭንቀት መካከል ሆኖ፣ አንድ ዓይኑ በባንዲራው፣ አንድ ጆሮው በአትላንቲክ ማዶ፣ መብራቱን ሲያበራና ሲያጠፋ ይነጋበታል። ምሰሶ የሌላቸው ጎረቤቶች ደግሞ በአገር ፍቅር እንዳይታሙ እያፈሩ አንድ አንድ ይተክላሉ፤ ከወር በኋላ ሰፈሩ መርከቦች የተሰበሰቡበት ወደብ መስሎ፣ ምሰሶው ከምሰሶው ጋር በሞገድ እየተጠላለፈ፣ እውነተኛው የሬዲዮ ሰው ከብረቱ ብዛት የተነሣ በጭንቅ ይሰማል። በጁላይ 4 የነጻነት በዓልም የኮሚቴው ሊቀ መንበር ከረዥሙ ምሰሶ ፊት ለፊት ቆሞ፣ እጁን በደረቱ ላይ አኑሮ፣ በዚያች ደቂቃ ከፖርቱጋላዊው ጋር ስለ ጉልበት ሕመም እየተነጋገረ ላለው ሽቦ በፍጹም ትሕትና ይሰግዳል። ማንም አላስገደደውም።

ሌሎች የሬዲዮ ወንድሞች የዝናብ ውሃ የሚወርድበትን የቆርቆሮ አሸንዳ አንቴና ያደርጋሉ፤ ዝናብ ሲመጣ ወሬው ይቋረጣል። አንዳንዶች ሽቦውን በኮርኒስና በጣሪያ መካከል ሸሽገው የማቀዝቀዣውን፣ የማጠቢያ ማሽኑንና የኮምፒዩተሩን ኑዛዜ ሲያዳምጡ ያመሻሉ።

እስኪ ቀልዱን ለጥቂት ጊዜ ልተወው። ሠላሳ ሜትር የብረት ማማ በመኝታ ቤቴ መስኮት ፊት ቢቆም እኔም እጮኻለሁ፤ ሬዲዮዬ የጎረቤቴን ቴሌቪዥን ቢያውክ ሄጄ ላስተካክልለት ይገባኛል። ነገር ግን ማንም አልታወከም፤ ከማኅበሩ በቀር ሽቦዬን ያየ ሰው እንኳ የለም። ሽቦ ነው! ቤቴ በእርሱ ምክንያት ዋጋው እንደ ወረደ ያሳየኝ ሰው የለም፤ ላሳይህ ያለኝም የለም። ኮሚቴው ሽቦውን አይጠላውም፤ በባንዲራ ተሸፍኖ፣ በአሸንዳ ተመስሎ፣ በኮርኒስ ተሸሽጎ ቢኖር ግድ የለውም፤ የሚጠላው ሰው የሚያደርገውን ነገር በግልጥ ማድረጉን ነው። ይህ ግብዝነትን ማስተማር ነው፤ ለዚያውም በወር መዋጮ።

ሽቦው ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው ደግሞ ምሳሌ አለ። በመስከረም 2017 ማሪያ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን በመታ ጊዜ፣ መብራቱ ጠፋ፣ የሞባይል ስልኩም ከሞላ ጎደል በሙሉ ተዘጋ። ያን ጊዜ የአሜሪካ ቀይ መስቀል ሬዲዮ ይዘው ወደ ደሴቲቱ የሚሄዱ 50 የአማተር ሬዲዮ ሰዎችን ፈለገ፤ ፈቃደኞችም ሄደው የተረፉትን ሰዎች ስም በሞገድ አሻገሩ። ልጄ ደኅና መሆኑን ንገሩኝ የምትል እናት፣ ወሬው የመጣበት ሽቦ ከአካባቢው መልክ ጋር የሚስማማ መሆኑን አስቀድማ እንድትጠይቅ ያስተማራት ኮሚቴ አልነበረም፤ ይህም ትልቅ ጉድለት ነው።

ማኅበራት ለአንድ የሚሠራ የውጭ አንቴና ቦታ እንዲፈቅዱ የሚያደርግ የሕግ ረቂቅ በመስከረም 2016፣ ደግሞም በጥር 2017 የተወካዮችን ምክር ቤት አልፎ ነበር። ሴኔቱ ሳያጸድቀው ቀረ። እኔም ከዚህ በላይ የምናገረው ስለሌለ፣ ደብዳቤው በታዘዘው መሠረት ሽቦዬን አውርጄ፣ አሥር ሜትር የሚያህል የአገር ፍቅር ለማቆም ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ ኮሚቴው በታላቅ ደስታ ተቀብሎ፣ ነጭ ይሁን ወይስ ብርማ ብሎ ብቻ ጠይቆኛል። ከመልሱ ጋር የሰፈራችንን አዲስ የአደጋ ጊዜ መመሪያ አያይዞ ልኮልኛል። በወፍራም ወረቀት ላይ በቀለም የታተመ፣ በእውነት የሚያምር መመሪያ ነው፤ ዐውሎ ነፋስ መጥቶ ስልክ የተቋረጠ እንደ ሆነ፣ ነዋሪዎች ሁሉ ሳይደናገጡ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ስልክ እንዲደውሉ ያዝዛል።