መርፌ ፍለጋ ወጥቼ

ከቤት የወጣሁት የሸክላ ማጫወቻ መርፌ ልገዛ ነው። ሌላ ጉዳይ አልነበረኝም። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ጆርጂያ አቬኑ ላይ መኪና ማቆሚያ ያገኘ ሰው ቀኑ ቀንቶታል፤ እኔም አግኝቼ ስለነበር መርፌዬን ገዝቼ፣ አንድ ማኪያቶ ጠጥቼ፣ ለምሳ እመለሳለሁ ብያለሁ። ባለቤቴም ሽሮ ልትጥድ ነው።

ቆይ፣ መርፌው ለምን እንዳስፈለገ ላጫውታችሁ፤ ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ይባል የለ። የጎረቤታችን ልጅ ልታገባ ነው። አባቷን ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው፤ ከአዲስ አበባ ሲወጡ ሻንጣቸውን በልብስ ፋንታ በሸክላ ሞልተው የመጡ ሰው ናቸው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የራሱን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት ከከፈተ በኋላ የወጡት፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት ትንንሾቹ፣ እነ አለማየሁ እሸቴ የዘፈኑባቸው፣ ሳሎናቸው ውስጥ ተቆልፎባቸው ይኖራሉ። ጋሼ ለልጃቸው መልስ እነዚያ ዘፈኖች እንዲጫወቱ ይፈልጋሉ፤ ሸክላዎቹ ግን ከደጃፋቸው አይወጡም። «ዘፈኑን ውሰድ፣ ሸክላውን እዚሁ ተው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሸክላ መርፌ በነካው ቁጥር ይበላል፤ ግብዣ ቤት ደግሞ መጠጥ የያዘ እጅ ይበዛል።

እናም እቤታቸው ቁጭ ብዬ ዘፈኖቹን ወደ ላፕቶፕ ልገለብጥ ተስማማን፤ ለዚህም ያረጀችውን መርፌዬን መቀየር ነበረብኝ። እዚህ ድረስ ቀላል ነው። ታዲያ ልወጣ ስል የእህቴ ልጅ በር ላይ ያዘኝ። ልጁ ኤብልተን ላይቭ የሚባል የሙዚቃ ፕሮግራም ላይ የሚያድር ነው፤ በመልሱ ቀን በዘፈኖቹ ላይ ከበሮና ጭብጨባ ሊጨምር ተዘጋጅቷል። ላይቭን የሠሩት ሰዎች በርሊን ውስጥ ናቸው፤ ከመሥራቾቹ ሁለቱ፣ ጌርሃርድ ቤህለስና ሮበርት ሄንከ፣ ሞኖሌክ በሚል ስም ሙዚቃ ይሠሩ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ2001 ፕሮግራሙን ሲያወጡት ለስቱዲዮ ብቻ ሳይሆን ለመድረክ አስበው ነው። ድምፆቹ በሰንጠረዥ ተደርድረው ይጠብቃሉ፤ ተጫዋቹ የፈለገውን በፈለገው ሰዓት ያስነሣል።

«አጎቴ፣ መርፌ ብቻ ይዘህ እንዳትመጣ» አለኝ። «ሸክላ ማጫወቻውን ከላፕቶፕ ጋር የሚያገናኘውን ሳጥንም እይ። ከላይቭ ጋር የሚስማማውን ምረጥልን።»

ቅዳሜዬ እዚያ ላይ አለቀች።

ሳጥኑ ምን እንደሚያደርግ ላስረዳችሁ፣ ምክንያቱም እስከዛሬ ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል። ላፕቶፕ ውስጥ ያለን ዘፈን ለመዘወር ተብሎ የሚታተመው ሸክላ ላይ ዘፈን የለም። የተቀረጸበት አንድ የማያቋርጥ ፉጨት ነው፤ የዲጄ ፕሮግራም ሠሪው ሴራቶ በሚያሳትመው ላይ በሴኮንድ 1,000 ጊዜ ይርገበገባል። ፉጨቱ በግራና በቀኝ መስመር ሲቀረጽ አንዱ ከሌላው በሩብ ሞገድ ይቀድማል፤ ኮምፒውተሩ የቀደመውን ለይቶ ሸክላው ወደ ፊት ይሁን ወደ ኋላ የሚዞረው ያውቃል። የፉጨቱ መቅጠንና መወፈር ደግሞ ፍጥነቱን ይነግረዋል፤ በውስጡ የተሸሸገው ቁጥር መርፌው ሸክላው ላይ የት ቦታ እንዳረፈ ያሳየዋል። ከዚያ ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ዘፈን በዚያው ልክ ይጫወታል። ሸክላውን በእጃችሁ ብትይዙት ዘፈኑ ይቆማል፣ ብትገፉት ይሮጣል። የጋሼ ሸክላ ሳሎኑ ውስጥ ተቆልፎ እያለ የጋሼ ዘፈን በእጄ ሥር ይዞራል ማለት ነው። ይህን ሰምቶ መርፌ ብቻ ገዝቶ የሚመለስ ካለ እሱ ጎበዝ ነው።

ያገለገሉ የሙዚቃ ዕቃዎች የሚሸጥበት ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ጉዳዬን ሳልጨርስ «ሴራቶ ነው ትራክተር?» አለኝ። ከጎኔ ቆሞ ጊታር የሚያይ ሰው ጊታሩን አስቀምጦ ገባበት፤ ሌላ ሰውም ከኋላ መጣ። የሆላንዶቹ ፋይናል ስክራች ነው ፋና ወጊው ተባለ። የኒውዚላንዱ ሴራቶ እ.ኤ.አ. በ2004 ስክራች ላይቭ የተባለውን ፕሮግራም ከሬን ኩባንያ ሳጥን ጋር ሲያወጣ ዲጄው ሁሉ የሸክላ ጓዙን ማራገፍ ጀመረ ተባለ። ትራክተርን የሚሠራው ኔቲቭ ኢንስትሩመንትስም ከበርሊን ነው፣ እንደ ኤብልተን፤ ስለዚህ ይስማማሉ አለ ባለጊታሩ። የአገር ልጅነት ለሶፍትዌርም ይሠራል እንዴ ብዬ አሰብኩ፤ አልጠየቅሁትም። ገንዘብ ለምን ታወጣለህ፣ ሚክስ የሚባለው በነፃ ይገኛል፣ የሴራቶንም ሸክላ ያነብባል አለ ከኋላ የመጣው፤ እሱም እውነት ነው። እኔ ለሁሉም ራሴን እነቀንቃለሁ።

ሻጩ ከመደርደሪያ አንድ ሳጥን አወረደ። «አንተ የምትፈልገው ዘ ብሪጅን ነው» አለኝ። ዘ ብሪጅ ሴራቶና ኤብልተን ተስማምተው እ.ኤ.አ. በ2010 ያስተዋወቁት ነገር ነው። ላይቭ ላይ የተሠራ ሥራ በስክራች ላይቭ ተጭኖ በሸክላ ማጫወቻ ይዘወራል፤ ዲጄው የቀላቀለው ምሽት ደግሞ ላይቭ ውስጥ ተከፍቶ ሊታረም ይችላል። ልባችን የሚፈልገው ይኸው አይደል! ከፈልኩ። ሁለት ባለ ፉጨት ሸክላም ጨመረልኝ።

የእህቴ ልጅ ሳጥኑን ገልብጦ አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ዘ ብሪጅ የሚሠራው በያኔው ስክራች ላይቭና በያኔው ላይቭ ነው፤ ሴራቶ ዲጄ የተባለው ተተኪ ሲመጣ አብሮ አልመጣም። የልጁ ላይቭ ደግሞ አዲስ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ደግነቱ ሳጥኑ ራሱ በአዲሱ ሴራቶ ይሠራል፤ ስለዚህ ሸክላው በሴራቶ፣ ከበሮው በላይቭ፣ በየላፕቶፓቸው ሆነው ሚክሰሩ ላይ ይገናኙ አልን። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል፤ መድረክ ላይ ይህ ምክር ወርቅ ነው።

«መርፌውስ?» አለች ባለቤቴ። ሽሮው ቀዝቅዟል። ሱቁ ተዘግቷል።

በሌላ ቀን መርፌው ተገዝቶ፣ ዘፈኖቹ ተገልብጠው፣ ልምምድ የጋሼ ቤዝመንት ውስጥ ሆነ። እሑድ ከሰዓት ነው። የሙሽራዋ አክስቶች ቡና አፍልተዋል፤ ፈንዲሻ ተበትኗል፣ እጣኑ ይጨሳል። ስፒከሮቹን አቁሜ፣ ገመዱን ሁሉ ሰክቼ፣ ሁሉም ጸጥ ብሎ እያየኝ መርፌዋን ሸክላው ላይ አሳረፍኳት።

ያ ፉጨት ቤቱን ሞላው።

እንዲህ ያለው ሳጥን ከላፕቶፑ ጋር ካልተገናኘ የሸክላውን ድምፅ እንዳለ ወደ ሚክሰሩ ያሳልፋል፤ እውነተኛ ሸክላ ማጫወት ለሚፈልግ የተተወ መንገድ ነው። የላፕቶፑ ገመድ ላልቶ ኖሯል። ይህን አሁን በቀላሉ አወራዋለሁ፤ ያኔ ግን እጣኑ እየጨሰ ስለነበር ቤቱ ሁሉ የጭስ ማስጠንቀቂያው የጮኸ መስሎታል። ታላቂቱ አክስት «እሳት! እሳት!» እያሉ የእጣን ማጨሻውን ይዘው በጓሮ በር ወጡ። አንዱ ወጣት ወንበር ላይ ወጥቶ ጣሪያው ላይ ያለውን መሣሪያ በፎጣ ያራግባል። የቡናው ረከቦት ላይ የተደረደሩትን ሲኒዎች አንዲት ሴት በሁለት እጇ ከልላ ይዛለች። እኔ ምንጩን አውቃለሁ፤ እጄን ወደ ሸክላው ሰደድኩ። ሸክላ ደግሞ በአንዴ አይቆምም፣ በእጄ ሥር እየዘገየ ሲሄድ ፉጨቱም እየወፈረ፣ እየወፈረ ወርዶ አጉረምርሞ ዝም አለ። ባለፎጣው ወንበር ላይ እንደቆመ ዞር አለ። አክስት በጓሮ በር አንገታቸውን አስገቡ። ሁሉም ዓይን እጄ ላይ ሆነ።

«ለካ አንተ ነህ» አሉ ጋሼ።

ገመዱ ጠበቀ፣ ዘፈኑ ጀመረ፣ አክስቶቹም ይቅር ብለው ትከሻቸውን ማላላት ጀመሩ። ዋናው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የእህቴ ልጅ ሁለቱን ላፕቶፖች ሊንክ በሚባለው አገናኛቸው። ሊንክ ከኤብልተን እ.ኤ.አ. በ2016 የመጣ ነው፤ ሴራቶም ትራክተርም ይናገሩታል። በኔትወርክ የተገናኙ ፕሮግራሞች በአንድ ፍጥነትና በአንድ ምት ላይ ይቆማሉ፤ ጌታና ሎሌ የሌለበት፣ ሰብሳቢ እንደሌለው ማኅበር ነው፣ አንዱ ፍጥነቱን ሲቀይር ሁሉም ይቀይራል። በአንድ ልክ ለተሠራ የዛሬ ሙዚቃ ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም።

የጋሼ ዘፈኖች ግን በሰዓት አልተቀረጹም። ባንዱ በሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ቆሞ የተጫወታቸው ናቸው፤ አዝማቹ ጋ ይፈጥናሉ፣ ዘፋኙ ቃሉን ሲጎትት ይዘገያሉ። በዚያ ላይ እነዚህ የዲጄ ፕሮግራሞች ዘፈንን ሲመረምሩ በአራት በአራት የሚቆጠር አድርገው ነው የሚነሡት፤ የእኛ የጭፈራ ምት ደግሞ አብዛኛው ስድስት ስምንተኛ ነው። ማሽኑ የራሱን ቁጥር አወጣ፣ ላይቭ ተቀበለው፣ ከበሮው ቀጥ ብሎ ሄደ። ዘፈኑ ወደ ግራ፣ ከበሮው ወደ ቀኝ። እስክስታው ቆመ። አንዷ አክስት ትከሻቸውን አንሥተው የሚያሳርፉበት ምት ጠፋባቸውና «ከበሮው ከዘፈኑ ጋር ተጣልቷል እንዴ?» አሉ።

ዘፈኑን ማቃናት ይቻላል። ላይቭ ውስጥ በየምቱ ምልክት ተክሎ የሚወዛወዘውን ቀረጻ ቀጥ ማድረግ ነው። አንዱን ዘፈን እንደዚያ አድርገን አሰማን፤ ከበሮው በትክክል ገጠመ፤ ዘፋኙ ግን የሚጎትታት ቃል ላይ ደርሶ ተጣድፎ አለፈ። ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«የዚያን ጊዜ ከበሮ መቺ ዘፋኙን እያየ ነበር የሚመታው» አሉን።

ከዚያ ወዲያ ስለ ሶፍትዌር የሰማሁት ክርክር ሁሉ ቀለለኝ። ሱቅ ውስጥ የተነሣው ጥያቄ ማን ይበልጣል የሚል ነበር፤ መጠየቅ ያለበት ግን ሰዓቱን ማን ይይዛል ነው። ሰዓቱን ማሽኑ የሚይዝ ከሆነ ሊንክ ያለውን የትኛውንም ምረጡ፣ ይሠራላችኋል። ሰዓቱን ዘፋኙ የሚይዝ ከሆነ፣ የእኛ የድሮ ዘፈኖች ሁሉ እንደዚያ ናቸው፣ አንዱም ፕሮግራም ሌላውን አይምራ። ሊንኩን አጠፋነው። ላይቭ የተጫኑትን ድምፅ ቀጣዩ መስፈሪያ እስኪደርስ ያስጠብቃል፤ ያንን አነሣንለት። የድምፅ ማቆያውን ከ512 ናሙና ወደ 128 አወረድነው፤ በሴኮንድ 44,100 ናሙና ሲታሰብ መዘግየቱ ከ12 ሚሊሴኮንድ ወደ 3 ገደማ ወረደ ማለት ነው፤ ጣት ይህን ልዩነት ያውቃል። ልጁም ከበሮውን በጣቱ፣ ዘፈኑን እየሰማ መታው።

በመልሱ ቀን ጋሼ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ጨፈሩ። የእህቴ ልጅ ዓይኑን ከስክሪኑ አንሥቶ የእኔን እጅ ያያል፤ እኔ ሸክላውን ትንሽ ስይዘው እሱም ይዘገያል፣ ስለቀው ይከተለኛል። ሁለት ላፕቶፕ በመካከላቸው አንድም ገመድ ሳይኖር አብረው ዋሉ።

እንግዲህ እናንተም ይህን ዕቃ ልትገዙ ከወጣችሁ የእኔን ምክር ውሰዱ። ሻጩ የሚያሰማችሁን ዘፈን አትስሙ፤ እሱ የሚያሰማው በልክ የተሠራውን ነው። ከቤታችሁ ያለውን ከሁሉ ይበልጥ የሚወዛወዝ ዘፈን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሱቅ ውስጥ ክፈቱት፤ ከበሮ ጨምሩበትና ትከሻችሁን ሞክሩት። ትከሻችሁ እሺ ካለ ክፈሉ።