ዋስ የማይጠራ አበዳሪ

እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ባንኳ የነጠላዋ ጫፍ ነበር። ዛሬ ሰበታ ገበያ ቲማቲም ልገዛ መቶ ብር ስዘረጋ ልጅቷ «አባባ፣ ዝርዝር የለኝም፤ በቴሌብር ያድርጉልኝ» ትለኛለች። መነጽሬ ቤት ነው፣ ምን ላድርግላት?

ጣጣው በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ቴሌብር ሲመጣ ጀመረ። በ2014 ማብቂያ ደግሞ ከዳሽን ባንክ ጋር ሆኖ መላ፣ እንደኪሴ፣ ሳንዱቅ እያለ ማበደርና ማስቆጠብ ያዘ። ሳንዱቅ ድሮ ቁልፉ በእናቶች አንገት ይንጠለጠል ነበር። የኔው ቁልፍ ቁጥር ነው፤ እኔ ረስቼው የልጅ ልጄ ያስታውስልኛል።

ዕቁባችን እንዲህ አይደለም። እሑድ ሰብሳቢው ቤት ቡና ተፈልቶ ዕጣ ይወጣል። የደረሰው ሰው ዋስ ካልጠራ ሳንቲም አይነካም። ሁለት ሳምንት የቀረ ካለ ሰብሳቢው ቤቱ ሄዶ ስለ ዝናቡ ያወራል እንጂ ገንዘብ አያነሳም፤ ሲወጣ ግን በጎቹን ገልመጥ ያደርጋል። ከዚያ ወዲያ ማን ይቀራል?

ስልክ አይገላምጥም። የሱሉልታው አማቼ ወተት ሸጦ አዳሪ ነው። በዐቢይ ጾም ገዢ ሲጠፋበት ለላሞቹ ፉርሽካ መግዣ ከአንዱ የስልክ አበዳሪ ወሰደ፤ ስሙን ልተወው። ዋስ የለ፣ ቡና የለ፣ በሁለት ደቂቃ ገባለት። «የቸገረው ዱቄት ከነፋስ ይጠጋል» ብለው ሳቀብኝ። ለፋሲካ ልጁ የዶሮ መግዣ ላከችለት፤ የዕዳው ቀን አልፎ ነበርና ብሩ እንደገባ ተቆረጠ። ጾሙን በሽሮ ፈታ።

እውነት ለመናገር ግን እኔም በደለኛ ነኝ። ባለፈው ክረምት የልጅ ልጄ ሌሊት ታመመና የባጃጅና የመድኃኒት ብር የላከችልኝ እህቴ ናት፣ ከቡራዩ፣ ከአልጋዋ ሳትነሳ። ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ሸገር ከተማ ብለው አንድ ቢያደርጓቸውም በዚያ ሰዓት መንገዱ ያው መንገድ ነው። ሰብሳቢያችንን ልቀስቅስ ብል ደግሞ የሚቀበለኝ ውሻው ነበር።

እንግዲህ ፍርዴን ስሙ፤ የዕቁቡን ብር በስልክ ላኩ፣ እሺ። ቡናው ግን በስልክ አይጠጣምና እሑድ ራሳችሁ ኑ። ዋስ የሚሆን ሰው የሚገኘው እዚያ ነው።