ማንም ያላየውን ፊልም የማድነቅ ጥበብ

በፊልም አዋቂዎች መሀል ተቀምጦ «እኔስ የካውቦይ ፊልም የሰርጂዮ ሌዮኔን ነው የምወደው» ያለ ሰው አበቃለት። አገር ምድሩ ያጨበጨበለትን መውደድማ የማንም ተራ ሰው ሥራ ነው። የአዋቂ ምርጫ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የጣሊያናዊው ዳይሬክተር የሉቺዮ ፉልቺ «አራቱ የምጽአት ሰዎች» ነው። ለምን ቢሉ፣ አንደኛ ያየው ሰው ጥቂት ነው፤ ሁለተኛም ያየው ሰው ጥቂት ነው፤ ሦስተኛ ፉልቺ የዞምቢ ፊልም ንጉሥ ነው።

አስተያየቱ ሥርዓት አለው። ሽፍታው ቻኮ፣ ማለትም ቶማስ ሚሊያን፣ የታሰረውን ሸሪፍ ቆዳ በቢላ ሲገፍ ፊልሙን አቁሙና ወደ እንግዶቻችሁ ዞር በሉ። «አያችሁ! ዞምቢው እዚህ ነው የተፀነሰው!» ከሙታን ጋር የሚያወራው በድ ለተራቡት ጓደኞቹ ጥብስ ሲያቀርብና ሥጋው የሟች ባልንጀራቸው ሆኖ ሲገኝ ደግሞ እንደገና አቁሙ። «የዞምቢ ፊልሙ የወጣው በ1979 አይደለም እንዴ?» የሚል ነገረኛ ካለ ቡና ጨምሩለት። ፉልቺ እስከዚያ ድረስ የታዘዘውን ሁሉ የሚሠራ ባለሙያ እንደነበር፣ የፍራንኮና ቺቾን ኮሜዲዎች እንደሠራ፣ በ1973ም የጃክ ለንደንን «ነጭ ክራንቻ» ለፊልም እንዳበቃ አታንሱበት። በዚያ ውሻ ውስጥ ዞምቢ መፈለግ ለእናንተም ሳይከብድ አይቀርም።

ድምፅና ከንፈር አልገጥም ሲሉ አትሳቁ። የዚያን ጊዜ ጣሊያኖች ተዋናዩን ሁሉ በየቋንቋው እያናገሩ ይቀርጹና ድምፁን በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ይሞሉ ነበር። እናንተ ግን «የዘመናዊው ሰው ከራሱ መለያየት» በሉት። አራቱ ስደተኞች በጋሪ ሲጓዙ ከሌላ ፊልም የመጣ የሚመስል ለስላሳ የእንግሊዝኛ ዘፈን ሲንቆረቆርም «ሆን ተብሎ ነው» በሉ። የታወቀ ሰው ሲሳሳት ተሳሳተ ይባላል፤ ያልታወቀ ሲሳሳት ግን ነገሩ ረቂቅ ይሆናል።

ከሁሉ የሚያሰጋው በበረዶ የተዋጠችው መንደር ላይ ስትደርሱ ነው። መንደሯ ወንድ ብቻ ናት። ቡኒ የምትባለው ሴተኛ አዳሪ ምጥ ይዟታል፤ ሲነጫነጩ የነበሩት ጢማም ማዕድን ቆፋሪዎች ደጅ ቆመው ይጠብቃሉ። ሕፃኑ ሲያለቅስ እነዚያ ግንባረ ቋጥኝ ሁሉ ፊታቸው ይፈታል፤ እናቱ ስትሞት ልጁን መንደሩ ይረከበዋል። እዚህ ጋ ደም የለም፣ ትንቢት የለም፤ አንጀት የሚበላ ነገር ብቻ ነው ያለው። የፉልቺን ስም ሰምተው የማያውቁ ጎረቤታችሁ እንኳ እንባቸውን ይጠርጉ ይሆናል። ተጠንቀቁ! ከሳቸው ጋር እኩል ማልቀስ ምን ዓይነት አዋቂነት ነው? ቶሎ ብላችሁ፣ ከሙዚቃው ደራሲዎች አንዱ የሆነው ፋቢዮ ፍሪዚ ኋላ የዞምቢውንም ሙዚቃ እንደሠራ ተንትኑላቸው። እንባው ወዲያው ይደርቃል።

ምናልባት ሰው ሁሉ አይቶ ቢወደውስ? ያን ዕለት ፊልሙን ጥላችሁ ሽሹ። ፉልቺ በ1978 የሠራው «የብር ኮርቻ» አለ እንዳትሉ፣ መሪ ተዋናዩ ጁሊያኖ ጄማ ነው፤ እሱን ደግሞ ያላወቀ የለም። የሚያዋጣው ጨርሶ ያልተሠራ ፊልም ማድነቅ ነው፤ እሱን ቀድሞን የሚያይ ሰው አይኖርም።