ማህተም ያረፈበት ጥፍር

ጥር ሲገባ አዲስ አበባ ላይ ሁለት ነገር ይወደዳል፤ በግና ጥፍር። በጉን ተዉት፣ እሱ ከገና ጀምሮ ሲወደድ የከረመ ነው። የሚገርመው የጥፍሩ ነው። የገና ጾም ተፈትቶ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባለችው ጠባብ ጊዜ ሙሽራው ሁሉ ይጣደፋል። ከአንዲት ሙሽራ ኋላ አምስት ስድስት ሚዜ ይሰለፋል፤ የእያንዳንዷ ጣት ደግሞ አሥር ነው። ጥፍር የምትሠራው ልጅ እጅ ግን ያው ሁለት ነው። ስለዚህ ወረፋው ይረዝማል፣ ዋጋው ይንራል፣ ቀጠሮ ለመያዝም ዘመድ ያስፈልጋል።

የአጎቴ ልጅ ስታገባ ሚዜ ሆኜ የተመረጥኩት እንግዲህ በዚህ ወቅት ነው። ቀሚሳችን ሽሮ ሜዳ የታዘዘ የሀገር ልብስ ነው፤ ነጭ ሆኖ ከደረቱ እስከ ጫፉ አረንጓዴና ወርቃማ ጥለት የወረደበት። ሸማኔው በሹላቸው የቆሙ ትንንሽ ባለአራት ማዕዘኖችን አንዱን ካንዱ እያያያዘ ደርድሯቸዋል። ያንን ጥለት ጥፍራችን ላይ ብናወርደውስ? ሐሳቡ የኔ ነው፤ አሁንም አላፍርበትም። ችግሩ በብሩሽ መሥራት ነው። እኔ በማስመሪያ እንኳ ቀጥ ያለ መስመር የማይወጣልኝ ሰው ነኝ።

"በማህተም ይሠራላ!" አለች ታናሽ እህቴ። ቲክቶክ ላይ አይታለች። ለእሷ ቲክቶክ ላይ ያልታየ ነገር አልተፈጠረም።

መርካቶ ሄዳ ዕቃውን ይዛ መጣች፦ ስስ የብረት ሰሌዳ፣ ራሷ ሲሊከን የሆነች ማተሚያ፣ የፕላስቲክ መፋቂያ፣ ወፈር ያለ ወርቃማና አረንጓዴ ኩቴክስ። ለዚህ ሥራ ተራ ኩቴክስ አይሆንም፤ ቀለሙ የበዛ፣ አንዴ ስስ ብሎ ቢያርፍም ደምቆ የሚታይ መሆን አለበት። ሰሌዳው ላይ ሥዕሎቹ በስሱ ተቆፍረዋል፤ በጥፍር ሲዳበሱ ነው የሚታወቁት። ምን ምን አለ? የበረዶ ቅንጣት፣ አጋዘን፣ የኤፍል ማማ፣ ድመት፣ ዳንቴል። በጥር ጠራራ ፀሐይ ለምትዳር ሙሽራ ሚዜ አጋዘን ምን ይሠራላታል? ደግነቱ ከታች በኩል፣ ጥግ ላይ፣ በሹላቸው የቆሙ ባለአራት ማዕዘኖች ተደርድረው አገኘን። ከሽሮ ሜዳው ጋር መንታ ባይሆኑም የአክስት ልጅ ይሆናሉ።

ወንድሜ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ሶፋው ላይ ተጋድሞ ሲያየን ቆየና "ማህተም ብቻ ነው?" አለ። "ፊርማና ቲተር የሌለው ጥፍር እኛ ቢሮ ተቀባይነት የለውም።"

ጥበቡ ከፋብሪካ የመጣ ነው። በስጦታ እስክሪቢቶ ላይ የድርጅት ስም፣ በሰዓት ፊት ላይ ቁጥሮቹ የሚታተሙት በዚሁ መንገድ ነው፤ ፓድ ፕሪንቲንግ ይሉታል። ወደ ጥፍር አምጥተው ካስተዋወቁት መካከል የኮሪያው ኮናድ ስሙ ይነሣል። አሠራሩን ሳውቅ ግን ሰይጣን ያወጣው ነው የመሰለኝ። ቀለሙን ሰሌዳው ላይ ታፈሻለሽ፤ መፋቂያውን ጋደም አድርገሽ ትርፉን ትጠርጊዋለሽ፤ ቀለም የሚቀረው የተቆፈረው ውስጥ ብቻ ነው። አየር ያገኘው የቀለሙ ፊት ማሟሚያው ሲተንበት ይሙለጨለጭ የነበረው ሙጫ ሙጫ ይላል። ማተሚያዋን ስታሳርፊበት የሚነሣው በዚያ ሙጫነቱ ነው። ሲነሣ ደግሞ ከታች የነበረው ፊቱ ወደ ውጭ ይዞራል፤ እሱም በተራው አየር ያገኘውና ሙጫ ይሆናል፤ ጥፍሩ ላይ የሚለጠፈው በዚህኛው ነው። ከፈጠንሽ ቀለሙ ገና ውኃ ነው፣ አይነሣም። ከዘገየሽ ጉድጓዱ ውስጥ ደርቆ ይቀራል። በመሐል ያለሽ ጊዜ አሥር ሰከንድ አይሞላም። ያውም አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የጥር አየር ስስም ደረቅም ነው፤ ኩቴክስ ለማድረቅ ማንም አያክለውም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላል የሀገሬ ሰው፤ የዘገየችው ምን እንደምትሆን ግን አልነገረንም።

ቤታችን ደግሞ ለማንም አሥር ሰከንድ የሚሰጥ ቤት አይደለም።

ቀለም አፈሰስኩ፣ ጠረግሁ፣ ማተሚያዋን ላሳርፍ ስል እማዬ ከጓዳ "ነይማ ይቺን ድስት ያዥልኝ!" ትላለች። ደረቀ። እንደገና አፈሰስኩ፣ ጠረግሁ፤ በር ተንኳኳ፣ ቆጣሪ አንባቢ ነው። ደረቀ። እንደገና፤ የሙሽራዋ እናት ደወለች፣ ስለ ዳቦው ቁጥር። ደረቀ። "ስትጠሪ አቤት በይ እንጂ!" ይባላል በየመሐሉ። በቪዲዮው ላይ ያለችው ሴትዮ እናት የላትም፣ ጎረቤት የላትም፣ ስልኳ አይጮህም። ሁለት እጅ ብቻ ናት፤ ለዚያ ነው የሚያምርላት።

ከዚያ ሁሉ በኋላ አንዴ ተሳካ። ማተሚያዋን ጫን፣ ቀና አደረግኋት። ወርቃማዎቹ ባለአራት ማዕዘኖች አንድም ጫፍ ሳይጎድልባቸው ሲሊከኑ ላይ ቆመዋል። በግራ እጄ የቀለበት ጣት ላይ ከአንዱ ጠርዝ ጀምሬ ወደ ሌላው ዳር እያንከባለልኩ አሳረፍኳት። ሲሊከኗ እንደ ሕፃን ጉንጭ ገባ ብላ የጥፍሩን ጉብታ አቀፈችው። ሳነሣት ጥለቱ አረንጓዴው ላይ ቁጭ! እህቴ እልል አለች። ወንድሜ ሳይቀር ተነሥቶ አየ።

እማዬም እልልታውን ሰምታ መጣች። ባዶ እጇን ግን አይደለም። የፋመ ከሰል ያለበት ምድጃና ማራገቢያ ይዛለች።

"እማዬ፣ እሳቱን አውጪው!"

"ቡናውን የት ላፍላው? አስፋልት ላይ?"

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ወለሉ ላይ ክዳኑ የተከፈተ የአሴቶን ጠርሙስ አለ፤ የአሴቶን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይሄድም፣ ወለል ወለሉን ይሳባል፤ ምድጃ የሚቀመጠውም ወለል ላይ ነው። ኩቴክሱም ቢሆን ዘሩ ደኅና አይደለም። ሲደርቅ ጥፍር ላይ የሚቀረው ናይትሮሴሉሎስ የሚሠራው ጥጥን ከናይትሪክ አሲድ ጋር በማዋሐድ ነው፤ ናይትሮጅኑ በርከት ያለው ወንድሙ ለጥይት ባሩድ የሚያገለግል ነው። ቀሚሴም ጥጥ፣ ኩቴክሴም የጥጥ ልጅ፤ ባሩዱም እንደዚያው። ይህን ሁሉ ለእማዬ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት።

"እንዲህ ያለውን ነገር ነው እጅሽ ላይ የምትቀቢው?" አለችና ጥቂት አሰብ አድርጋ ፈረደች፤ "በሉ እናንተ ውጡ። ቡናው አይወጣም።"

በረንዳ ላይ ተሰደድን። በረንዳው የራሱ ጣጣ አለው። ነፋሱ አሥሩን ሰከንድ ወደ አምስት ያወርደዋል፤ የጥር አቧራ ደግሞ እርጥብ ቀለም ይወዳል። በግርግሩ መፋቂያው ጠፋ። እህቴ የወንድሜን ጃኬት ወንበር ላይ አየች፤ ከጃኬቱ ቦርሳውን፣ ከቦርሳው የኤቲኤም ካርዱን አወጣች። ካርዱ ለመፋቂያነት እንከን አልነበረውም፣ እውነት እንነጋገር። ክፋቱ የመጣው ስታጸዳው ነው። ጥጥ በአሴቶን ነክራ ደህና አድርጋ ፈተገችው። አሴቶን ኩቴክስና ፕላስቲክ ለይቶ አያውቅም። ጥጡ መጀመሪያ ወርቃማ ሆነ፣ ቀጥሎ ጥቁር ሆነ፤ ጥቁሩ የወንድሜ ስም ነው። ካርዱ ላይ ከነአያቱ ተጽፎ የነበረው ስም ጥጡ ላይ አለ፣ ካርዱ ላይ የለም።

"ቲተርህ ተነሣ" አለችው፣ ምንም ሳይመስላት።

እሱ ካርዱን እያገላበጠ ሲያዝን ቀኝ እጄ ገና እንዳልተነካ ትዝ አለኝ። ቀኝ እጅ የዚህ ሙያ ፈተና ነው፤ ሠሪው ግራ ነዋ። እህቴን እንዳልጠይቃት አሁን ከወንድሜ ጋር ሙግት ላይ ናት። መላው እጅን መተው ነው፦ ማተሚያዋን ራሷን ወደ ላይ አድርጎ ጠረጴዛ ላይ ማቆም፣ ከዚያ ጣትን አምጥቶ ጥፍሩን በሷ ላይ ማንከባለል። ግራ እጅ መያዝ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ቪዲዮዎቹ ይህንን ለምን እንደሚደብቁት አይገባኝም።

በዚህ መሐል አክስቴ ከደብረ ማርቆስ ለሠርጉ ገባች። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ እጄን ይዛ አገላበጠችው።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ጥለት ነው፣ አክስቴ። በማህተም የተሠራ።"

"ስንት ቀን ይቆያል?"

"ከቀናኝ ሳምንት።"

ሳቋን ለቀቀችው። "እኛ እንሶስላ ስንሞቅ ሥሩ ተወቅጦ፣ እጅ እግራችን ተጠቅልሎ ነው የምናድር። ሌሊቱን ውኃ የምታጠጣሽ ሌላ ሰው ናት። ጠዋት ሲፈታ ፍም ነው! ጥፍር ላይ የገባው እንደሆን ጥፍሩ አድጎ ካልተቆረጠ አይወጣ።"

ነገሯ ልክ ነው። የእጅ ጥፍር በወር ሦስት ሚሊሜትር ያህል ነው የሚያድገው፤ ከሥር እስከ ጫፍ ለመታደስ ግማሽ ዓመት ይፈጅበታል። ቢሆንም አክስቴ ያላሰበችው አንድ ነገር አለ። እጇ ታስሮ ያደረች ልጃገረድ ድስት ያዢ አትባልም፣ በር ክፈቺ አትባልም። እንሶስላ ቀለም ብቻ ሳይሆን የዕረፍት ፈቃድም ነበር። እኛ ግን አሥር ሰከንድ አጣን።

የቀረው ማህተሙ ላይ የሚደረበው ቶፕ ኮት ነው። ይህን ለእህቴ ሰጠኋት፤ ከወንድሜ ታርቃለች፣ እጇም ይቀልላል። ብሩሹን ነክራ አውራ ጣቴ ላይ ሁለት ሦስቴ ጎተተችው። ቶፕ ኮቱ ያው በማሟሚያ የቀጠነ ነው፤ ገና ያልጠናውን ማህተም ያለሰልሰዋል፤ ብሩሹ ደግሞ ያለሰለሰውን ይዞ ይሄዳል። ባለአራት ማዕዘኖቼ ቅንድብ ሆኑ። አክስቴ አጎንብሳ አየችና "ይሄኛው የማን ሀገር ጥለት ነው?" አለች። የቀሩትን ጥፍሮች እኔው ያዝኩ፦ ማህተሙ እስኪጠና ጠብቆ፣ ወፈር ያለ ጠብታ መሐል ላይ ማኖር፣ ጠብታውን ብቻ እየገፉ ማዳረስ፣ የብሩሹ ጸጉር ጥፍሩን እንዳይነካ። አውራ ጣቱን ለቅልቀን እንደ አዲስ ሠራነው፤ እማዬ ሦስተኛውን ቡና ስታቀርብ ነበር ያለቀው።

የሠርጉ ዕለት ሚዜዎቹ ሁሉ እጄን ያዙት። አንዷ ቦሌ ድረስ ሄዳ፣ ብዙ ከፍላ ያሠራችው ጄል ያምራል፣ አላንቋሽሽም፤ ከቀሚሳችን ጋር ግን አይተዋወቅም። የኔው ከእጅጌው ጥለት ተያይዞ ጣት ላይ የወረደ ነው የሚመስለው። "የት ነው ያሠራሽው?" ስባል ሰፈሬን ተናገርኩ፣ የበረንዳውን ነገር ዘለልኩት። ከፋሲካ በኋላ በግንቦት የሚያገቡ ሁለት ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው ተመዝግበዋል። ክፍያ አልጠየቅሁም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ሥራው በነሱ ቤት ይሆናል፤ ቡና የማይፈላበት፣ መስኮት ያለው፣ ከውስጥ የሚቆለፍ ክፍል ያዘጋጃሉ። አንደኛዋ ቤት እንዲህ ያለ ክፍል ፈልገው አጥተዋል። ሌላዋ አንድ አለን ብላለች፤ አያቷ ናቸው የሚተኙበት፣ እሳቸው ደግሞ ቡና ወዳጅ ናቸው።