ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ፦ የብቁ ተከራይ ባሕርያት ጥናት

በአዲስ አበባ አንዲት ባዶ ሰርቪስ ቤት ደህና ተከራይ እስክታገኝ የምታልፍበትን ሂደት ምሁራን ችላ ብለውታል። ለነገሩ በ1967 ትርፍ ቤትን የወረሰው አዋጅ ቁጥር 47 ማከራየትን ለመንግሥትና ለቀበሌ ስለሰጠ፣ ዕውቀቱ ለረጅም ዘመን ከግለሰብ ግቢ ርቆ ቆይቷል።

ዋናው ግኝት ከወዲሁ ይነገር፤ ብቁ ተከራይ ማለት ገንዘቡ በየወሩ የሚገኝ፣ እሱ ግን የማይገኝ ሰው ነው። ደላሎች ይህን ከማንም ቀድመው ደርሰውበታል። የሚያመጡት ሰው ሁሉ «ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ» ነው። ከዚህ የሚበልጥ ማዕረግ አንድ ብቻ አለ፤ «ፊልድ ይበዛበታል»።

ፈተናው የቃል ነው፤ ፈታኟም የግቢው ባለቤት ናቸው። ላጤ እንግዳ ያበዛል ተብሎ ይጠረጠራል። ባለትዳር ልጅ ካለው ይጮህበታል፣ ከሌለው «ምነው እስካሁን?» ይባላል። ከዚያ ወደ ከባዱ ክፍል ይገባል።

«እንጀራ ትጋግራለህ ልጄ?»

«ኧረ እገዛለሁ እትዬ።»

«ካውያስ?»

«ላውንደሪ ነው የምሰጠው።»

«ውሃ?»

«ብዙም አልጠጣም።»

የምጣዱ ጥያቄ መነሻው የጋራ ቆጣሪ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይስባል። የተከራይ ምጣድ ከአከራይ ምጣድ አብልጦ እንደሚስብ ግን በአከራዮች ዘንድ ጥርጥር የለም።

በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ስለ ምጣድ፣ ስለ እንግዳ፣ የውጭ በር ማታ በስንት ሰዓት እንደሚቀረቀር አንዲት አንቀጽ የለውም፤ ክፍተቱን አከራዮች በቃል ይሞሉታል። ከ2 ዓመቱ ወዲህማ ማጣራቱ እንደ ጋብቻ ሰባት ቤት ሊያስቆጥር ምንም አልቀረው።

መስፈርቱን ሁሉ ያሟላ ሰው ቢገኝስ? እንዲህ ያለው ተከራይ ወሩን አብዛኛውን ፊልድ ነው፤ ምጣድ የለው፣ እንግዳ የለው፣ ኪራዩ ቀን አያልፍበትም። አከራይቱ ግን ደላላውን አስጠርተው ይወቅሳሉ፤ «ምን ዓይነት ሰው ነው ያመጣህብኝ? ቡና አፍልቼ ብጠራው የለም፣ ብጠራው የለም!»

ደላላው ለሚቀጥለው ተከራይ «ቡና ይወዳል» የሚል ጨምሯል።