ብርድ በነፃ

መተማ ዮሐንስ ላይ ብርድ ሸቀጥ ነው። በላስቲክ ታስሮ በረዶ ሆኖ ይሸጣል፤ ፍሪጅ ውስጥ አድሮ የሃይላንድ ውሃ ሆኖ ይቸረቸራል። ፍሪጅ ያለውና የሌለው ጎረቤታሞች የተጣሉ እንደሆነ ሽማግሌ የሚላከው በዚያው ቀን ነው፤ ማታ ውሃው ሳይሞቅ መታረቅ አለባቸው። መብራት የጠፋ ለት ደግሞ ሀብታምና ድሃ አይለይም፤ ሁሉም ያልበዋል።

ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ቢያልፍ ወሬ አይሆንም። ሌሊት አልጋ ግቢ ይወጣል፣ አጎበር ይሰቀላል፣ ማን እንደሚያንኮራፋና ማን በእንቅልፍ ልቡ ብድር እንደሚጠይቅ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ከተማችን ስሟን ያገኘችው እዚሁ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ ቆስለው ከሞቱት ከአፄ ዮሐንስ አራተኛ ነው። ስለ ውጊያው ብዙ ተጽፏል። እኔን ግን የሚደንቀኝ ወሩ ነው፤ መጋቢት 1881 ዓ.ም.። የደጋ ጦር በመጋቢት መተማ ድረስ ወርዶ፣ በዚያ ላይ መዋጋት! እኛ እኮ በመጋቢት ከዚህ ጥላ ወደዚያ ጥላ ለመዛወር ምክር እንቀመጣለን።

እንግዲህ ገንዘብ የሌለው ሰው ተራራ ላይ ካለ መዝናኛ ሄዶ ምን ይሠራል ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሌላው አገር በእግር መንሸራሸር፣ ፎቶ ማንሣት፣ የፀሐይ መጥለቅ ማየት እያለ ይዘረዝራል። የመተማ ሰው ግን ይበርደዋል። ሌላ ሥራ አያስፈልገውም።

ይህን ያስተማሩኝ አጎቴ ናቸው። የሰሊጥ ነጋዴ ናቸው፤ ኩንታል ሲመዘን መሬት የነካችውን ፍሬ በጣታቸው እያነሱ የሚመልሱ። አንድ ሚያዝያ ላይ “አየር እንቀይር፣ ደባርቅ እንውጣ” ሲሉኝ የታመሙ መሰለኝ። ሕጋቸውን ግን ከመነሣታችን በፊት ነገሩኝ፤ “ለሚበላ ይከፈላል፣ ለሚታይ አይከፈልም።” (ይህ መንገዱ ሰላም ውሎ ሰላም ያድር በነበረበት ጊዜ ነው። ዛሬ መነሣት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ መንገዱን ይጠይቅ።)

መዝናኛው የጀመረው ሚኒባሱ ውስጥ ነው። መተማ ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር ያህል ብትሆን ነው፤ ደባርቅ 2,800 ገደማ። ከፍታ በሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ መንገደኛው ምንም ሳያደርግ፣ ተቀምጦ ብቻ፣ አሥራ ሁለት ዲግሪ ያተርፋል። አጎቴ ይህን ስነግራቸው “በትኬቱ ውስጥ ነው?” ብለው አረጋገጡ። ገንዳ ውሃን አልፈን ነጋዴ ባሕር ስንደርስ ነፋሱ ጠባዩን ቀየረ። አጎቴ መስኮቱን እስከ ጥግ ከፈቱት።

የአገራችንን ሚኒባስ የሚያውቅ የተከተለውን ያውቃል። ከኋላ “መስኮት ይዘጋ!” ተባለ። አንዲት እናት ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳቡ። አንዱ ብርድ መትቶት አፉ የተጣመመ የአጎቱን ልጅ ታሪክ ጀመረ፤ እንዲህ ያለ ዘመድ በየሚኒባሱ አይጠፋም። አጎቴ ዞር አሉና “ወገኖቼ፣ ይኼን ነፋስ እኛ በላስቲክ ነው የምንገዛው” አሉ። ማንም አላዘነላቸውም። እስከ አይከል መስኮቱ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ከአይከል በኋላ ረዳቱ ራሱ መጥቶ መስኮቱ ላይ ትከሻውን ደግፎ ቆመ። በጎንደር፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል አድርገን ደባርቅ ስንገባ ተሳፋሪው ሁሉ ጋቢ ውስጥ ነበር፤ አጎቴ እጅጌያቸውን ሰብስበዋል።

ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናት። ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ በዓለም ላይ መጀመሪያ ከተመዘገቡት አሥራ ሁለት ቦታዎች አንዱ ነበር። ሳንካበር፣ ግጭ፣ ጭንቅ እያሉ ወደ ውስጥ ሲዘልቁ ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ቆሞ ይጠብቃል። መግቢያ ይከፈላል፣ ጠባቂ ስካውት ይያዛል። ለአገር ሰው ዋጋው ከውጭ ሰው በጣም ያነሰ ነው። ይህንኑ ለአጎቴ አስረዳሁ።

“ምን አለ ውስጡ?”

“ዋልያ አለ።”

“ዋልያማ ቢራው ላይ አለ።”

“ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳም አለ።”

“ከአጥሩ ወዲህ የመጣ ጭላዳ የለም?”

አለ፤ ሊማሊሞ። ከደባርቅ ወደ ሽሬ የሚወስደው፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን እየቆፈረ ያጠማዘዘው መንገድ የሕዝብ መንገድ ነው፤ አፋፉ ላይ ቆሞ ወደ ቆላው ለሚያይ ሰው ደረሰኝ የሚቆርጥ የለም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ከምፅዋ ወደ ጎንደር ሲሄድ የወጣው በዚሁ ዳገት ነው። ለአጎቴ ይህን ያነሣሁት ሰውየው ኋላ በንጉሡ ተሹሞ የራስ ፊል፣ ማለት የእኛ የመተማ አካባቢ፣ የስም ገዥ ስለነበረ ነው። አገሩን የሚያስተዳድርለት ምክትል ነበረው። “ብልጥ ነበር” አሉ አጎቴ። “ሹመቱ ለስሙ፣ ሙቀቱ ለምክትሉ።”

ጭላዳዎቹ ከመንገዱ ዳር ሣር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ሰው መጣ ብለው የማይሸሹ፣ ደረታቸው ላይ ቀይ ቆዳ የተጋለጠ፣ ወንዶቹ በትከሻቸው ላይ ጎፈር የደረቡ። ከጦጣና ዝንጀሮ ወገን ኑሮውን በሣር የመሠረተ እነሱ ብቻ ናቸው። ቀርቦ ያየ ሰው እጃቸውን ነው የሚያየው። ተቀምጠው በሁለት እጃቸው ይነጫሉ፣ እፍኝ ሲሞላ ወደ አፍ፤ ፊታቸው ያለው ሲያልቅ መነሣት የለም፣ በመቀመጫቸው ተንፏቀው አንድ ክንድ ያህል ወደፊት፣ እንደገና መንጨት። አጎቴ ዝም ብለው ቆሙ። ውበቱ የነካቸው መስሎኝ ነበር።

“ሳሉግ ናቸው” አሉ በመጨረሻ። ሳሉግ ከደጋ ወደ እኛ ለእርሻ ሥራ የሚወርደው ሠራተኛ ነው። “እያቸው፣ መስመር ይዘው ነው የሚያርሙት። ምሳ የለ፣ ቅድሚያ ክፍያ የለ!” ሐምሌ ላይ እነዚህን ቆላ ቢያወርዷቸው በቀን ስንት ሄክታር ሰሊጥ እንደሚያርሙ አሰቡ። ሰሊጡን ከአረሙ ለይተው እንደማይተዉት ስነግራቸው “እሱማ ሰዎቹስ መች ለዩት?” ብለው ሐሳቡን ተዉት።

ከሰዓት በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ አንድ ሎጅ ሻይ ልንጠጣ ገባን፤ ሻይ ከሚበላው ወገን ተቆጥሮ ተፈቀደ። የተራራ ሎጅ ንግድ የገባኝ እዚያ ነው። የሚሸጠው ሙቀት ነው። መሐል አዳራሽ እሳት ይነዳል፣ ሙቅ ውሃ ይወራለታል፣ ማታ አልጋ ውስጥ የሚገባ የፈላ ውሃ በጎማ ከረጢት ይመጣል። ፈረንጆቹ ከዓለም ዳር መጥተው እሳቱን ከበው ተኮማትረዋል። እኛ በሩ አጠገብ፣ ነፋሱ ከሚገባበት፣ የቤቱን ምርጥ ቦታ ያለ ተቀናቃኝ ያዝን።

“አባባ፣ ወደ እሳቱ ጠጋ ይበሉ እንጂ” አለ አስተናጋጁ።

“እሳቱ ይከፈልበታል?”

“ኧረ በነፃ ነው።”

“እንግዲያው ለእነሱ አድርግልኝ፤ ከሩቅ ነው የመጡት።”

ከየት እንደመጣን ሲሰማ ልጁ ትሪውን አስቀመጠ። ለካ ጥቅምት ጥቅምት መተማ እየወረደ ሰሊጥ ያጭድ ነበር። ሰሊጥ ሲደርስ ጊዜ አይሰጥም፤ ካልታጨደ ፍሬው ተፈንቅሎ መሬት ነው የሚቀረው፤ ስለዚህ በዚያ ሰሞን የደጋ ልጅ እንደ ልቡ ዋጋ ይቆርጣል። “ሙቀቱ እንዴት ነው?” አለን፤ የሰው ደኅንነት እንደሚጠየቅ። “እዚያ እኮ ሌሊት ያለ ልብስ ይተኛል! አሁን እዚህ ሁሌ እሳት እያነደድኩ፣ ለእኔ የሚደርሰኝ ጭሱ ነው።” አጎቴን አሳዘናቸው። ቢሆንም ጥንቃቄ አይጎድላቸውምና “የማን ማሳ ላይ ነበር የምታጭደው?” አሉ። የሌላ ሰው ስም ሲጠራ ሻያቸውን ተረጋግተው ጨረሱ። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነውና ሻዩም ቶሎ ይበርዳል፤ ይህንንም በትርፍ መዘገቡት።

ማታ ደባርቅ ከተማ ውስጥ ርካሽ አልጋ ያዝን። ክፍሉ አጎበር የለውም፤ ቢምቢም የለም። አጎቴ ግን ክፍሉን አይተው ባለቤቷን ጠሩ፤ “እመቤት፣ አልጋዬን ግቢ አውጡልኝ።” ሴትየዋ እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። አልጋው ወጣ።

እስከ አራት ሰዓት ኮከብ ሲቆጥሩ ይሰማኛል፤ “እሰይ፣ እሰይ” ይላሉ ብቻቸውን። ስድስት ሰዓት ላይ በሩን አንኳኩተው ብርድ ልብሴን ወሰዱ። ሰባት ሰዓት ላይ ባለቤቷን ቀሰቀሱ። ከዚያ ወዲህ ግቢው ውስጥ የሚመላለስ ኮቴ፣ የሚከፈት ሳጥን፣ “አንድ ጨምሪልኝ” የሚል ድምፅ ነበር። ግባ የሚላቸው ጠፍቶ አይደለም፤ ለዚህ የመጣሁ ነኝ አሉ።

ጠዋት ሒሳብ ሲመጣ ጭቅጭቅ ተነሣ። አጎቴ ክፍሉ ውስጥ ስላላደሩ ግማሹን ነው የምከፍለው አሉ። ባለቤቷ የብርድ ልብሶቹንና የእንቅልፏን ዋጋ ጨምራ ጽፋለች።

“ሌላ አገር ቢሆን” አሉ አጎቴ “ሜዳ ላይ ላደረ ሰው አይከፈለውም?”

“አባቴ” አለች እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ “የብርዱን መች ጻፍኩብዎት?”