ጳጉሜንስ የት ገባች?

ኮልፌ፣ አጠና ተራ አካባቢ የምትኖር የጎረቤቴ ልጅ ለማስተርስ ጥናቷ የሕፃናት ክትባት መዝገብ፣ ስም የሌለበት፣ ወደ ኤክሴል ገልብጣ «ጋሼ፣ በአር እንሥራው» ብላ መጣች። ደስ አለኝ። አር (R) የተባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጄንትልማን የተባሉ መምህራን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጀመሩት፤ ከ1995 ወዲህ ማንም በነጻ ይጠቀምበታል። የፈቃድ ክፍያ ከየት ይመጣል ብላ ለምትጨነቅ የኮልፌ ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ግራፍ የሚሥለውን ጂጂፕሎት2ን ልናወርድ ስንል መብራት ሄደ። መብራቱ ሲመጣ ኔትወርኩ ጠፋ። እናቷ ቡናውን እስከ በረካው አደረሱት። አመሻሽ ላይ ሕፃናቱ በየትኛው ወር እንደተወለዱ የሚያሳየው ግራፍ ወጣ፤ ያምራል። እናትየው ሲኒያቸውን እንደያዙ ጠጋ ብለው አዩና «ጳጉሜንስ የት ገባች? ትንሹን ልጄን የወለድኩት በጳጉሜን አይደል እንዴ?» አሉ።

እውነትም ዐምዱ አሥራ ሁለት ብቻ ነው። አር ቀን የሚያነበው በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ 13ኛ ወር አያውቅም። ጥቅምትን ደግሞ 2ኛ ወር ብሎ ፌብሩዋሪ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ጥቅምት 30 የተወለዱትም አብረው ጠፉ። ሥራውን አላቆመም፤ በቦታቸው «ኤንኤ» (NA፣ የጎደለ መረጃ) ብሎ ጽፎ አለፈ። ያልጠፉትም ቢሆኑ ደህና አልነበሩም። ከጥር 1 እስከ የካቲት 1 ያለው 30 ቀን ነው፤ አር ግን ጥርን ሜይ አድርጎ 31 ቆጠረ። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጥ ክትባት በወቅቱ ተሰጠ ወይስ ዘገየ ብሎ ለሚጠይቅ ጥናት አንድ ቀንም ዋጋ አላት።

መላው ያለው እዚያው አቆጣጠራችን ውስጥ ነው። ዓመት፣ ወርና ቀንን በሦስት ዐምድ ለያየን። ዓመቱን በ365 ማባዛት፣ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል የሚገኘውን ሙሉ ቁጥር መጨመር፣ ያለፉትን ወራት በ30 አባዝቶ ከቀኑ ጋር መደመር፤ የሁለት ቀኖች ድምር ሲቀናነስ ትክክለኛው ዕድሜ ይወጣል። አሥራ ሁለቱ ወሮቻችን እኩል 30 ስለሆኑ ሒሳቡ አንድ መስመር ኮድ ብቻ ነው። የጳጉሜን ልጆችም ተመለሱ።

ነገሩ የኮልፌ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የመረጃ ፋይል ውስጥ ቀኑ የተመዘገበው በእኛ አቆጣጠር፣ በ2008 ነው። ወደ ፈረንጅ ለመመለስ በወር በተቆጠረው ቀን ላይ 92 ወር ይደመራል። ይህን ሳያውቅ የልደት ቀኖቹን ከዝናብ መረጃ ጋር የሚያዛምድ ተመራማሪ ሕፃናቱን ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ ይወስዳቸዋል፤ ኮምፒውተሩም አይቃወመውም።

እናም መረጃ የምትተነትኑ ወጣቶች፣ አርን ተማሩት። ግራፍ ከመሣላችሁ በፊት ግን ስንት ረድፍ እንደገባና ስንቱ ኤንኤ እንደሆነ ቁጠሩ፤ የወጣውንም ግራፍ መዝገቡ ላይ ያሉትን ሰዎች ለሚያውቅ ሰው አሳዩ።